ከኩሽኔታ እስከ ጂቲ3፦ ከደብረ ብርሃን የሚነሳ የውድድር ሹፌር መመሪያ

የእህቴ ልጅ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ጋራዥ መጥቶ አራት አሮጌ ኩሽኔታ ለመነኝ። ሰጠሁት። ጣውላ ላይ ገጥሞ፣ ፊት ለፊት ገመድ አስሮ፣ የሰፈራችንን ቁልቁለት ሲወርድባት ዋለ። ማታ ሲመለስ ክርኑ ተልጧል። እሱ ግን የሚያወራው ስለ ኩርባው ነበር። «ጋሼ፣ ገመዱን ድንገት ስስበው ትንሸራተትብኛለች። ቀስ እያልኩ ስስበው ግን እሺ ብላ ትዞራለች» አለኝ። መኪና ስር ተኝቼ ነበር። ወጥቼ ቁጭ አልኩና እስቲ ድገምልኝ አልኩት።

ፍጥነት የሚወድ ልጅ ሞልቷል። የሚነዳት ነገር ምን እንዳደረገች የሚናገር ልጅ ግን ጥቂት ነው። በስፖርት መኪና ውድድር ደሞዝ የሚከፈለው ደግሞ ለዚህ ነው። አንድ መኪና ለሁለትና ለሦስት ሹፌር ነች። በተራ ይነዷታል። ፈጣን መሆን መግቢያው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው መኪናዋን ሳይጎዱ ማስረከብና ያየነውን ለመካኒኩና ለባልደረባ በግልጽ መንገር ነው። ሁለቱንም እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ በጥቂት ብር መለማመድ ይቻላል። የሩቁ ግማሽ ውድ ነው፤ አልደብቅም። የቅርቡ ግማሽ ግን በእጃችን ነው።

መንገዱ በአጭሩ

ካርት፣ ማለትም ጣራና በር የሌላት መሬት ለመሬት የምትሄድ ትንሽ የውድድር መኪና፣ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1956 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። አርት ኢንግልስ የሚባል ሰው የሣር ማጨጃ ሞተር ቱቦ ብረት ላይ ሰክቶ ነዳት። ዛሬ በውጭ አገር ልጆች በ8 ዓመት አካባቢ ይጀምራሉ። ከ12 ዓመት ጀምሮ የጁኒየር ምድብ አለ፤ ከዚያ ዋናው ምድብ ይመጣል። ከካርት በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ጣራ የሌላት ፎርሙላ መኪና ነው። ሌላው ጣራ ያላት መኪና ነው፦ መጀመሪያ ሁሉም አንድ ዓይነት መኪና የሚነዳበት ዋንጫ፣ ቀጥሎ ከመንገድ የስፖርት መኪና ተሻሽለው የሚሠሩት ጂቲ4፣ ቀጥሎ ከእነሱ የሚፈጥኑት ጂቲ3፣ ከላይ ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ «ለ ማን» በሚባለው የ24 ሰዓት ውድድር የሚሮጡት ትልልቆቹ።

የኔ ምክር ፎርሙላውን ተዉት ነው። እዚያ ለአንድ የሹፌር ወንበር የሚወጣው ገንዘብ ቤተሰብ ያፈርሳል፤ ጫፍ ላይ ያለው ቦታ ደግሞ ሃያ ገደማ ነው። ስፖርት መኪና ላይ ወንበሩ ብዙ ነው። ዕድሜም አያባርርም፤ አርባ ዓመት አልፏቸው ደሞዝ የሚበሉ አሉ።

ካርቷን እዚሁ መሥራት

የውድድር ካርት ከውጭ ማስገባት መጀመሪያ ላይ አያስፈልግም። ሸዋ ሮቢት ውረዱ። ገበሬው ሽንኩርቱን የሚያጠጣበት የቤንዚን የውሃ ፓምፕ አለ። በላዩ ያለው 5.5 ወይም 6.5 የፈረስ ጉልበት ያላት ትንሽ ሞተር ናት። በብዙ አገር ጀማሪ ልጆች የሚነዱት ካርትና የኪራይ ካርት ላይ የምትገጠመው ሞተርም የዚችው ቤተሰብ ናት። ስትገዙ ዘንጓን እዩ። ቁልፍ የሚገባበት ቦይ ያለው ዘንግ ይሁን። ጫፉ ብሎን የሆነው ለፓምፕ ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ሻሲው ከዳር እስከ ዳር 32 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ብረት ይሁን። ካርት ባሌስትራም ሞላም የላትም። እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራው ራሱ ብረቱ ነው። ስለዚህ ይጠንክር ተብሎ በብረት ላይ ብረት አይደረብባትም። ጎማውን ከባጃጅ ውሰዱ፤ ቸርኬው 8 ኢንች ነው፤ ጎማው የትም ይገኛል፤ ጎሚስታውም ያውቀዋል። የአሸዋ ጋሪ ጎማ ግን አደራ እንዳትገጥሙ። ከጎን የሚመጣ ጫና አይችልም። ኩርባ ላይ ይገለበጣል።

አሁን ልብ በሉ፤ ትልቁ ምስጢር እዚህ ነው። ካርት ዲፈረንሻል የላትም። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ዘንግ ታስረው እኩል ይዞራሉ። ኩርባ ውስጥ ግን የውጭው ጎማ ከውስጡ የረዘመ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱም መሬት ከነከሱ ካርቷ ቀጥ ብላ ትገፋለች እንጂ አትዞርም። ስለዚህ የውስጡ የኋላ ጎማ ለአፍታ መነሳት አለበት። የሚያነሳው የፊቱ አሠራር ነው። የፊት ጎማ የሚዞርበት ፒን ከላይ ወደ ኋላ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብል። ያኔ መሪው ሲዞር የውስጡ የፊት ጎማ ወደ ታች ይጫናል፤ ሻሲው ይጠማዘዛል፤ በሰያፍ ያለው ጭነት ይቀየርና የውስጡ የኋላ ጎማ ይቀላል። እኛ መጀመሪያ የሠራናት ካርት ፒኗ ቀጥ ያለ ነበር። ልጁ መሪውን እስከ ጥግ ቢያዞረውም ግድግዳ ግድግዳውን ትላለች። ፒኑን አዘንብለን በየድነው። በማግስቱ ከኋላ ተንበርክኬ ሳይ ጎማው ከአስፋልቱ የጣት ውፍረት ያህል ተነሳ። እንደዚያን ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ጥርሱን ሳይሰሉ ካቴና አይገዛም። ሞተሯ በደቂቃ 3,600 ዙር ትዞራለች። የሞተሩ 10 ጥርስ፣ የኋላው 70 ጥርስ ከሆነ ዘንጉ በደቂቃ 514 ጊዜ ይዞራል። የባጃጅ ጎማ በአንድ ዙር 1.27 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሲባዛ በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ነው። ለጀማሪ በቂ ነው፤ መሬት ላይ ተቀምጦ 39 ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም። የሞተሯን ዙር የሚገድበውን ነገር እንዳትነቅሉ።

ደህንነቱን በአጭሩ ልናገር፤ ግን አንዱም አይታለፍ። ፊት የሚሸፍን ሄልሜት። ካቴናው በላሜራ የተሸፈነ። ነዳጅ መስጫው እግር ሲነሳ በሁለት ሞላ የሚመለስ። ሞተር የሚያጠፋ ማብሪያ በእጅ ቅርብ። የመሪ ብየዳ ደግሞ በጥሩ በያጅ እንጂ በኔ አይነት እጅ አይደለም። እኔ የበየድኩት የመሪ ዘንግ አንድ ቀን በእግር ርምጃ ፍጥነት ላይ ሳለን ተላቀቀ። በፍጥነት ላይ ቢሆን ምን ይመጣ እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ። ካርት ላይ ቀበቶ አይታሰርም፤ ስትገለበጥ ሹፌሩ ከስር እንዳይቀር ነው።

መንገድ ላይ በጭራሽ

የተዘጋ ግቢ ፈልጉ። የመጋዘን ግቢ ወይም የትምህርት ቤት ሜዳ ይሆናል። በደብዳቤ ፈቃድ ጠይቁ፤ እሁድ ጠዋት ይሰጣሉ። ዋናው አስፋልት ላይ ግን ካርትም ሆነ መኪና ለውድድር አይሞከርም።

ለምን እንደምጨክን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ እኛ ስትመጡ ሸኖን ታልፋላችሁ። አበበ ቢቂላ በዚያው መንገድ ነው በ1961 ዓ.ም. መጋቢት ሌሊት ቮልስዋገኑ የተገለበጠችበት። ሮምንና ቶኪዮን ያሸነፈ እግር ከዚያ ሌሊት በኋላ መቆም አልቻለም። የዚያን ሰው ታሪክ ለልጁ ነግሬዋለሁ። ጣርማ በርን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ፣ ጉም ውስጥ፣ ከፊታችን ሲኖትራክ እየተጎተተ ሳለ፣ ነው የነገርኩት። የጣርማ በር ቁልቁለት ለውድድር ልምምድ ያማልላል፤ አውቃለሁ። እዚያ የሚሠራው ልምምድ አንድ ብቻ ነው፦ ተሳፋሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሹፌሩ መቼ ማርሽ እንደሚቀንስ፣ ኩርባው ሳይታይ መውጫው የት እንደሚሆን መገመት። ነጻ ነው፤ ዓይንንም ይገራል።

ደብተሩ

ልምምዱ ቀላል ነው። ሁለት አሮጌ ጎማ አስቀምጡና በመካከላቸው ስምንት ቁጥር እየሠራ ይንዳ። ጀሪካን አቁሙና ሳይነካው ከጎኑ ይቁም። በስልክ ሰዓት ያዙለት። የምትፈልጉት አንዱን ፈጣን ዙር አይደለም። አሥር ዙር ነድቶ ፈጣኑና ዘገምተኛው በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ከሆኑ ጎበዝ ነው። ብሬክ በግራ እግር ይያዝ፤ ካርት ላይ ፍሪሲዮን የሚረገጥ ስለሌለ ግራ እግር ሥራ ፈት ነው። ቀኝ እግር ለነዳጅ ብቻ ይሁን።

ከዚያ ደብተር ግዙለት። ገጹን በሦስት ዓምድ ይክፈለው፦ መግቢያ፣ ወገብ፣ መውጫ። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ካርቷ በሦስቱ ቦታ ምን እንዳደረገች ይጻፍ። «አፍንጫዋ አልዞር አለ» ወይስ «ኋላዋ ሸሸ»? ፍሬን እንደያዘ ነው ወይስ ከለቀቀ በኋላ? «ደስ አትልም» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያው ወር ገጾቹ ላይ «ጥሩ ነች» ብቻ ነበር የሚጽፈው። በሦስተኛው ወር ግን «ጠዋት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ መግቢያ ላይ ትገፋለች፤ ከስድስት ዙር በኋላ መግፋቱን ተወችው» የሚል አገኘሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር የትኛውም የውድድር መሐንዲስ ይረዳዋል።

አንድ ካርት ለሁለት ልጅ ይሁን። ቢቻላችሁም ሁለተኛ እንዳትሠሩ። አሥር ዙር አንዱ፣ አሥር ዙር ሌላው። ሲቀያየሩ የወረደው ለሚወጣው ምን እንደሚጠብቀው ይንገረው። ወንበሩም ለሁለቱም የሚሆን ይሁን፤ አጭሩ ልጅ ትራስ ያምጣ። የስፖርት መኪና ሕይወት ይሄው ነው።

ከፍታው

ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌላት ሞተር ከባሕር ጠረፍ ጋር ስትነጻጸር ሩብ ያህል ጉልበቷን ታጣለች። 6.5 የተባለችው እዚህ ወደ 5 ትጠጋለች። ጉልበቱ አያሳስብም፤ ሁሉም እኩል ነው የሚያጣው። የሚያሳስበው ካርቡራቶሩ ነው። የሚያሳልፈው ቤንዚን ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ስለሆነ እዚህ ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ ያንሳል።

እንዲህ ታዩታላችሁ። ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ሞተሯን አስነሱ፤ ጥቂት ዙር ንዱና ካንዴላውን ፍቱ። ጫፉ ጥላሸት መስሎ ጠቁሮ፣ በጣት ሲነካ ከቀባ፣ ቤንዚን በዝቶባታል። ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ነዳጅ ሲረገጥ ትንተባተባለች። ካርቡራቶሩ ውስጥ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ናስ አለች፤ ቤንዚኑን የምትለካው እሷ ናት። ቀዳዳዋ ጠበብ ባለ ሌላ ቀይሩ። ካንዴላው ቡና በወተት ሲመስል ትክክል ናችሁ። ቀዳዳዋን በሽቦ የሚጎረጉር መካኒክ ካያችሁ አስቁሙት፤ አንዴ ከሰፋች አትመለስም።

ካርቷን ጭናችሁ ሸዋ ሮቢት ከወረዳችሁ ግን 1,300 ሜትር ገደማ ናችሁ። ያቺን ጠባብ ይዛችሁ ብትነዱ ቤንዚን ያንሳታል፤ ካንዴላው ይነጣል፤ ሞተሯ ትግላለች፤ ፒስተን ትበላለች። ስለዚህ ሁለቱም ናሶች በኪስ ይኑሩ፤ የየትኛው ቦታ እንደሆኑም ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ይህን በእጁ የቀያየረ ልጅ ውጭ አገር ሲሄድ ከካርቱ መካኒክ ጋር ቋንቋው አንድ ይሆናል።

ሰውነት

ጫጫ የተወለደችው ጌጤ ዋሚ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ሳንባው ከአገሩ ነው። ሩጫ ቀጥሉ። የጎደለን አንገትና ክንድ ነው፤ አንገትን በእጅ እየገፉ መቋቋም፣ እርጥብ ፎጣ መጠምዘዝ ይበቃል። ሌላው ሙቀት ነው። ጂቲ መኪና ውስጥ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ልብሱ ደግሞ እሳት የሚከላከል ወፍራም ነው። የብርድ አገር ልጅ ድንገት እዚያ ቢገባ ራሱን ይስታል። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ከውድድር በፊት ሸዋ ሮቢት ዘመድ ቤት ሁለት ሳምንት መክረምና ከሰዓት ላይ መሮጥ፣ ውሃና ጨው ሳይረሱ፣ ይህን ይሠራል። ደጋና ቆላ በመቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ ማግኘት ቀላል ጸጋ አይደለም።

የኮምፒውተር መንዳት

መብራትና ኢንተርኔት ካለ የኮምፒውተር ውድድር ይጠቅማል፤ ትራኮቹን በቃል ያስይዛል። ያን ማርደንቦሮ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ2011 በቪዲዮ ጨዋታ ውድድር አሸንፎ የመኪና ወንበር አገኘ፤ በ2013 ለ ማን ላይ በምድቡ 3ኛ ወጣ። ያ ፕሮግራም ዛሬ የለም። ስለዚህ ጨዋታው ለትምህርት እንጂ ለዕጣ አይያዝ። መግዛት ካለባችሁ ለመሪው ሳይሆን ለፍሬን ፔዳሉ ገንዘብ አውጡ።

ወደ እውነተኛው ትራክ

ልጁ ደብተሩን አንድ ዓመት ከያዘ በኋላ ውጣ በሉት። ናይሮቢ የካርት ቦታ አለ። ዱባይ ደግሞ ኦቶድሮም ከሚባለው የመኪና ውድድር ትራክ ጎን 1.2 ኪሎ ሜትር የሚሆን የካርት ትራክ አለ፤ ካርቱን ያከራያሉ። ኤሚሬትስ የምትሠራ አክስት ወይም እህት የሌላት ቤት ጥቂት ናት። ማረፊያ ከተገኘ የቀረው የትኬትና የካርት ኪራይ ገንዘብ ነው።

እዚያ ሲደርስ አጭሩን ውድድር ሳይሆን ቡድን ተደራጅቶ ለሰዓታት በተራ የሚነዳበትን የኪራይ ካርት ውድድር ይምረጥ። በአንድ ቀን ብዙ ዙር ያገኛል፤ ወጪውን ለአራት ለአምስት ይካፈላል፤ ሹፌር መቀየር ይማራል። ካርቶቹ እኩል ስላልሆኑም ሰዓቱ አያሳፍረው። ቡድን መሪዎች የሚያዩት ደካማ ካርት ደርሶት ምን አደረገ የሚለውን ነው።

ወደ መደበኛው የካርት ውድድር ለመግባት የውድድር ፈቃድ ያስፈልጋል። የሚሰጠው ከዓለም አቀፉ የመኪና ውድድር ፌዴሬሽን፣ ከኤፍአይኤ፣ ጋር የተያያዘ የአገር የሞተር ስፖርት ማኅበር ነው። የሐኪም ምርመራ ይጠይቃል። ፓስፖርትና የልደት ሰርተፊኬት ቀድሞ ይውጣ፤ እነሱን ስንጠብቅ የምናጣው ጊዜ ያሳዝናል።

ከካርት ወደ መኪና

እዚህ ላይ የአፍሪካ ልጅ ታሪክ ልጥቀስ። ኬልቪን ቫን ደር ሊንደ የጆሃንስበርግ ልጅ ነው። ከካርት ወጥቶ በደቡብ አፍሪካ የፖሎ ዋንጫ ገባ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ትንሽ ቮልስዋገን የሚነዳበት ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አሸነፈ። በ2013 ጀርመን ሄዶ የሲሮኮ ዋንጫን ወሰደ። በ2014 ከሬኔ ራስት ጋር በአንድ ጂቲ3 መኪና የጀርመን ጂቲ ማስተርስ ሻምፒዮን ሆነ። ገና 18 ዓመቱ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሼልደን በ2022 ዲቲኤም የሚባለው ትልቁ የጀርመን የመኪና ውድድር ሻምፒዮን ሆኗል።

ፎርሙላ ውስጥ አላለፉም። መኪናው እኩል በሆነበት ውድድር ራሳቸውን አሳዩ። ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ሊሉ ዋዱን አስተውሉ። ፈረንሳዊት ናት። ከአልፒን ዋንጫ ተነስታ እ.ኤ.አ. በ2023 ስፓ በሚባለው የቤልጂየም ትራክ ላይ በፌራሪ፣ በዓለም የረጅም ርቀት ሻምፒዮና ምድብ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች።

ደሞዙ ከየት ይመጣል

ጂቲ3 እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረ ምድብ ነው። መኪናዋ 1,300 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ከ500 በላይ የፈረስ ጉልበት አላት። ኤፍአይኤ ሹፌሮችን በአራት ይመድባል፦ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲነም። ነሐስ ብዙ ጊዜ ነጋዴ ነው፤ ገንዘቡን የሚያመጣው እሱ ነው። በዓለም ሻምፒዮናው የጂቲ3 ምድብ ከሦስቱ ሹፌሮች አንዱ ነሐስ መሆን ግዴታ ነው።

ቡድኑ የሚቀጥረው ባለሙያ ሹፌር ታዲያ ሁለት ሥራ አለው። ራሱ ይነዳል፤ ነጋዴውን ደግሞ ያስተምራል። ነጋዴው ሁለት ሰከንድ ቢሻሻል ባለሙያው ሁለት አሥረኛ ከሚያሻሽለው ይበልጣል። ለዚህ ነው ያ ደብተር የሚከፍለው። «መግቢያ ላይ ፍሬኑን ቶሎ ስለለቀቅክ አፍንጫዋ ቀለላት» ብሎ በትሕትና የሚናገር ወጣት በሚቀጥለው ዓመትም ይጠራል። እንግሊዝኛ ግድ ነው፤ ደብተሩን ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በሁለት ቋንቋ ያስጽፉት።

የረጅሙ ውድድር ሕግም ይታወቅ። ለ ማን ላይ አንድ ሹፌር በማንኛውም 6 ሰዓት ውስጥ ከ4 ሰዓት በላይ አይነዳም፤ በጠቅላላው ከ14 ሰዓት አያልፍም። በቀረው ሰዓት መብላትና መተኛት ሥራ ነው።

ገንዘብ

የጂቲ4 አንድ ዓመት ወንበር በመቶ ሺህ ዩሮ ይቆጠራል። ቤት ሸጦ አይገባበትም፤ እባካችሁ። ሁለት በር አለ። አንዱ ስፖንሰር ነው። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የበዛባት ከተማ ናት። ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን። «ሕልሜን ደግፉልኝ» አይባልም። ምን ያህል ብር፣ ለየትኛው ውድድር፣ የድርጅቱ ስም የት እንደሚታይና ስንት ቀን ሠራተኞቹ ዘንድ ካርቷን ይዞ እንደሚገኝ ይጻፍ። ከመጀመሪያው ጥያቄ ትንሹን ጠይቁ፤ የአራት ጎማ ዋጋ። ደረሰኙን መልሳችሁ ውሰዱላቸው።

ሌላው በር መካኒክነት ነው። የውድድር ቡድኖች ሰው ይቸግራቸዋል፤ በተለይ በባሕረ ሰላጤው የብርድ ወራት። ዱባይ ላይ የ24 ሰዓት ውድድር በጥር ይደረጋል። ጎማ የሚያጥብ፣ ነዳጅ የሚሸከም፣ ዕቃ የሚያቀብል ልጅ ሹፌሮቹ ከመኪና ሲወርዱ ለመሐንዲሱ የሚሉትን በጆሮው ይሰማል። የእህቴ ልጅ አሁን 17 ዓመቱ ነው። በሚቀጥለው ጥር የሚሄደው በዚህ በር ነው። ሻንጣው ውስጥ የሥራ ጓንት፣ ሶላቸው ስስ የሆነ ጫማና ሦስት ደብተር አለ፤ አንዱ ባዶ ነው።